ዘንባባን ተክሎ ማሳደግ፦ ከወንዝ ዳር ወደ ወላይታ ጓሮ

ዘንባባ እርጥበት በማይለያቸው የኢትዮጵያ ቆላና ወይና ደጋ አካባቢዎች፣ በተለይም በወንዝ ዳርና በደን ጠርዝ፣ በተፈጥሮው የሚበቅል ዛፍ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ፊኒክስ ሬክሊናታ ይባላል፤ በዚህ ስም እ.ኤ.አ. በ1801 ለዕጽዋት ሳይንስ ያስተዋወቀው በቪየና ይሠራ የነበረው ሊቅ ኒኮላውስ ዣኬን ነው። የቅርብ ዘመዱ ተምር ነው። ሁለቱም ፊኒክስ በተባለውና 14 ያህል ዝርያዎችን በያዘው ወገን ይመደባሉ። ተምር ደረቅና ሞቃት አየር ሲወድ፣ ዘንባባ ግን ዝናብና እርጥብ አፈር ይሻል። የሚገኝበት ክልል ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ፣ ከዚያም በምሥራቅ አፍሪካ በኩል እስከ ደቡብ አፍሪካ ይዘልቃል። በማዳጋስካርና በዓረብ ልሳነ ምድር ደቡባዊ ክፍልም ይበቅላል።

ሰው እስካሁን ዘንባባን የሚያገኘው በአብዛኛው ከተፈጥሮ ቆርጦ እንጂ ተክሎ አይደለም። የወንዝ ዳር ደን እየሳሳ፣ እርሻም እስከ ውኃው አፋፍ እየወረደ በመጣበት ዘመን ይህ አሠራር ብዙ አያስኬድም። ደግነቱ ዘንባባ በጓሮ፣ በአጥር ዳርና በቦረቦር ጠርዝ ሊለማ የሚችል ተክል ነው። አስተዳደጉን የሚያውቅ ሰው ዛፉን ሳይጎዳ ለብዙ ዓመታት ቅጠሉን ሊጠቀምበት ይችላል። ይህ ምዕራፍ የዘንባባን ተፈጥሮ፣ ለወላይታ ዞን ያለውን ተስማሚነት፣ አፈላሉን፣ አተካከሉንና አቆራረጡን በቅደም ተከተል ያብራራል።

መልኩና መለያው

አንድ ጎልማሳ ዘንባባ አብዛኛውን ጊዜ 10 ሜትር ገደማ ይረዝማል። ግንዱ ቀጭን ነው፤ ውፍረቱ ከ30 ሴንቲ ሜትር እምብዛም አያልፍም። ከአንድ ሥር ብዙ ግንዶች ይወጣሉ፤ የዳር ዳሮቹ ብርሃን ፍለጋ ወደ ውጭ ዘንበል ብለው ያድጋሉ። እያንዳንዱ ግንድ በአናቱ ላይ ቅጠሎቹን አክሊል አድርጎ ይይዛል። ቅጠሉ ከ2 እስከ 4 ሜትር ይረዝማል፤ ወደ ጫፉ ሲጠጋ ወደ ታች ይቀለበሳል። በመካከለኛው አጥንት ግራና ቀኝ የተደረደሩት ጠባብና ሹል ንዑስ ቅጠሎች ከመቶ በላይ ናቸው።

የፊኒክስን ወገን ከሌሎች ላባማ ቅጠል ካላቸው ዘንባባዎች ለመለየት ሁለት ምልክቶች ይበቃሉ። አንደኛው የንዑስ ቅጠሉ አተጣጠፍ ነው፦ ከአጥንቱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ሲታይ አፉን ወደ ሰማይ እንደ ከፈተ አሸንዳ ታጥፏል። ሁለተኛው እሾሁ ነው፦ በቅጠሉ ሥር አካባቢ ያሉት ንዑስ ቅጠሎች ወደ ጠንካራና ረጃጅም እሾህ ተለውጠዋል። በከተማ ችግኝ ጣቢያ “ዘንባባ” ተብሎ የሚሸጥ ችግኝ እነዚህን ሁለት ምልክቶች ካላሟላ የፊኒክስ ወገን አይደለም።

በኢትዮጵያ ሌሎች የዘንባባ ዝርያዎችም አሉ። በአፋር ቆላና በአዋሽ ሸለቆ የሚበቅለው ዱም ግንዱ ቅርንጫፍ እያወጣ የሚያድግ፣ ቅጠሉም መዳፋማ የሆነ ዛፍ ነው። በጋምቤላ ቆላ ደግሞ ቦራሰስ የሚባለው ወፍራም ባለ አንድ ግንድ ዝርያ ይገኛል። በየከተማው ጎዳናና የሆቴል ግቢ ለጌጥ ከሚተከሉት መካከል መዳፋማ ቅጠል ያለው ዋሽንግቶኒያ ከሰሜን አሜሪካ፣ ወፍራም ግንድ ያለው የካናሪ ዘንባባ ከካናሪ ደሴቶች የመጡ ናቸው። የካናሪው ዝርያ የፊኒክስ ወገን ስለሆነ ከአገር በቀሉ ዘንባባ ጋር በቀላሉ ይዳቀላል። ስለዚህ ዘር ሲለቀም የካናሪ ዘንባባ ወይም ተምር ከተተከለባቸው ግቢዎች ርቆ ከበቀለ ዛፍ መልቀም ይመረጣል።

ወላይታ የእንሰት አገር ነውና ዘንባባን ከእንሰት ጋር አነጻጽሮ ማየት ተክሉን ለመረዳት ያግዛል። ሁለቱም ሲበቅሉ አንድ የዘር ቅጠል ብቻ ከሚያወጡት ዕጽዋት ይመደባሉ፤ ከዚያ በኋላ ግን መንገዳቸው ይለያያል። የእንሰት “ግንድ” እርስ በርስ የተጠቀለሉ የቅጠል እግሮች ስብስብ ነው፤ የዘንባባ ግንድ ግን እውነተኛና ጠንካራ ግንድ ነው። እንሰት አንድ ጊዜ አብቦ አፍርቶ ይሞታል፤ ዘንባባ ከጎለመሰ በኋላ በየዓመቱ ማበብና ማፍራት ይችላል። የእንሰት ሐምቾ መሐሉ ተነቅሶ ሲቀበር ብዙ ችግኝ ይሰጣል፤ የዘንባባ ግንድ ተቆራርጦ ቢቀበር ግን ምንም አያወጣም።

አስተዳደጉ

የዘንባባ አያያዝ ሁሉ የሚመነጨው ከሦስት የተፈጥሮ ባሕርያት ነው።

የመጀመሪያው፣ እያንዳንዱ ግንድ ያለው አንድ የእድገት ጫፍ ብቻ መሆኑ ነው። ይህ ጫፍ በአክሊሉ መሐል፣ በወጣት ቅጠሎች ተሸፍኖ ይገኛል። አዳዲስ ቅጠሎች ሁሉ የሚወጡት ከዚያ ነው። ዋንዛ ወይም ባሕር ዛፍ አናቱ ቢቆረጥ ከጎኑ ያቆጠቁጣል፤ የዘንባባ ግንድ ግን አናቱ ከተቆረጠ ከጎኑ አያቆጠቁጥም፣ ቀስ በቀስ ይደርቃል። ለዚህ ነው ለስላሳውን ልብ ለመብላት ወይም ለመጠጥ የሚሆን ፈሳሽ ለመቅዳት አናቱን መቁረጥ ግንዱን የሚያጠፋው። በደቡባዊ አፍሪካ አንዳንድ አካባቢዎች ከዚህ ዛፍ የዘንባባ ጠጅ ይቀዳል፤ አቀዳዱ የእድገቱን ጫፍ ከነካ ግንዱ ይሞታል።

ሁለተኛው፣ የዘንባባ ግንድ እንደ ሌሎች ዛፎች በየዓመቱ አዲስ የእንጨት ቀለበት እየጨመረ የማይወፍር መሆኑ ነው። ችግኙ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ወደ ላይ ሳይረዝም መሬት ውስጥ የግንዱን ውፍረት ያዘጋጃል፤ ወደ ላይ መውጣት የሚጀምረው ይህን ካጠናቀቀ በኋላ ነው። ችግኙ ለዓመታት “አላድግ አለ” የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚሁ ባሕርይ የሚከተል ሌላም ነገር አለ። የዘንባባ ግንድ ቁስሉን በአዲስ ልጥ አይሸፍንም። በገጀራ የተጫረ ወይም ምስማር የተመታበት ቦታ ምልክቱን እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ይዞ ይኖራል፤ ለመበስበስና ለነፍሳትም በር ይከፍታል።

ሦስተኛው፣ ዘንባባ ከሥሩ ዙሪያ የጎን ቡቃያ የሚያወጣ መሆኑ ነው። አንድ ግንድ ቢሞት ሌሎቹ ይቀጥላሉ። እሳት ቢያልፍበት ወይም ቢቆረጥ እንኳ ሥሩ ካልተነቀለ እንደገና ሊያቆጠቁጥ ይችላል። ተክሉን ለዘለቄታ የሚያኖረው ይህ ባሕርይ ነው፤ በኋላ እንደሚታየው የጥሩ አቆራረጥ ዘዴም የቆመው በእርሱ ላይ ነው።

ዘንባባ ወንድና ሴት ዛፍ ለየብቻ አለው። ወንዱ ክሬም መሰል ነጫጭ አበቦች አውጥቶ ብናኙን በነፋስና በነፍሳት ይልካል። ፍሬ የምትሰጠው ሴቷ ብቻ ናት። ፍሬው 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ ሲበስል ብርቱካናማ ወይም ቡናማ የሚሆን፣ ስስ ሥጋና አንድ ፍሬ ዘር ያለው ነው። ይበላል፤ ሥጋው ትንሽ ስለሆነ ግን ዋነኛ ተጠቃሚዎቹ ጦጣዎች፣ ዝንጀሮዎችና ወፎች ናቸው። ዘሩን በየወንዙ ዳር የሚበትኑትም እነርሱ ናቸው። ችግኝ አብቦ እስኪታይ ድረስ ወንድ ይሁን ሴት ከመልኩ መለየት አይቻልም።

ለምን ይተከላል

የዘንባባ ቅጠል የመጀመሪያ ጥቅም ሽመና ነው። ቅጠሉ ደርቆ ተሰንጥቆ ሰሌን ይሠራበታል፤ ቅርጫት፣ መጥረጊያና ገመድም ይሆናል። ሰሌን በብዙ የኢትዮጵያ አካባቢዎች መቀመጫና መኝታ፣ የእህል ማስጫ፣ እንዲሁም በቀድሞው ልማድ አስከሬን የሚጠቀለልበት ሆኖ ኖሯል። ፕላስቲክ ምንጣፍ ገበያውን ቢሻማውም፣ የሰሌን ሥራ ካፒታል ለሌለው ሰው በእጅ ሙያና በጓሮ ቅጠል ብቻ የሚጀመር ነው።

ሁለተኛው ጥቅም ሆሳዕና ነው። ከፋሲካ አንድ ሳምንት ቀድሞ በሚውለው በዚህ እሑድ፣ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን የተባረከ ዘንባባ ተቀብለው ግንባራቸው ላይ ያስራሉ፤ የመስቀል ቅርጽ ያለውን ቀለበትም በጣታቸው ያጠልቃሉ። ቀለበቱ የሚሠራው ከአንድ ንዑስ ቅጠል ነው። ቅጠሉ በርዝመቱ ይሰነጠቃል፤ አንዱ ክፍል በጣት ልክ ይዞራል፤ ትርፉ በላዩ ላይ ተጣጥፎ መስቀል ይሆናል። ለዚህ የሚመረጠው ገና ያልጠነከረ ለስላሳ ቅጠል ነው። በበዓሉ ዋዜማ በአዲስ አበባም ሆነ በወላይታ ሶዶ ያለው ፍላጎት በጥቂት ቀናት ውስጥ ይከማቻል፤ የሚሸጠውም ቅጠል ከወንዝ ዳርና ከደን ተቆርጦ የመጣ ነው። በጓሮው ዘንባባ ያለው ገበሬ ለዚህ ገበያ ቅርብ ነው።

ሦስተኛው ጥቅም አፈር መጠበቅ ነው። ዘንባባ አንድ ወፍራም ዋና ሥር የለውም፤ በብዛት የሚወጡ፣ ውፍረታቸው ተመሳሳይ የሆነ ጭራማ ሥሮች አሉት። እነዚህ ሥሮች የወንዝ ዳርንና የቦረቦር ጠርዝን አፈር አጥብቀው ይይዛሉ። የእሾሁ ጥንካሬና የግንዶቹ መጠጋጋት ደግሞ ለሕያው አጥር ያመቸዋል።

የወላይታ ምድር

ወላይታ ዞን በምዕራብ ከኦሞ ወንዝ፣ በምሥራቅ ከብላቴ ወንዝ፣ በደቡብ ምሥራቅ ከአባያ ሐይቅ ጋር ይዋሰናል። በመሐሉ ወደ 3000 ሜትር የሚጠጋው ዳሞታ ተራራ ይቆማል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የፖለቲካና የአስተዳደር ማዕከል የሆነችው ወላይታ ሶዶ በተራራው ግርጌ፣ በ2000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ዞኑ ከኦሞና ከአባያ ቆላ እስከ ዳሞታ ደጋ ስለሚዘረጋ፣ ለዘንባባ ተስማሚ ከሆነው ቦታ እስከ አስቸጋሪው ድረስ ሁሉንም ይዟል።

ዘንባባ በአፍሪካ ከባሕር ጠረፍ አንሥቶ በተራራማ አገር ሳይቀር ይበቅላል። በወላይታ የተሻለ የሚያድገው በቆላውና በወይና ደጋው እርጥብ ቦታዎች ነው፦ በሁምቦ በኩል በሐሜሳ ወንዝና በአባያ ዳርቻ፣ በዱጉና ፋንጎ በኩል በብላቴ ዳር፣ በአጆራ ፏፏቴ ዙሪያ ባሉ ሸለቆዎች፣ እንዲሁም ወደ ኦሞ በሚወርዱት ገባሮች ዳር። በሶዶ ከተማና በዙሪያዋ ባለው ወይና ደጋም በጓሮ ይለማል፤ እድገቱ ግን ከቆላው ይዘገያል። በዳሞታ የላይኛው ደጋ ብርዱ እድገቱን ስለሚያጓትተው ብዙም አይመከርም።

የዞኑ ዝናብ በበልግና በክረምት ይከፈላል። በልጉ ከየካቲት መጨረሻ እስከ ግንቦት፣ ክረምቱ ከሰኔ እስከ መስከረም ይዘልቃል። ለዘንባባ ችግኝ ፈታኙ ወቅት ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው በጋ ነው። አፈሩ በብዙ ቦታ ጥልቅ ቀይ ሸክላማ ነው። ውኃ ይይዛል፤ ፍግና ብስባሽ ከተጨመረበት ለዘንባባ ይስማማል።

ወላይታ በአገሪቱ ከፍተኛ የሕዝብ ጥግግት ካላቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። የብዙ ገበሬ ይዞታ ከግማሽ ሄክታር አይበልጥም፤ በቤቱ ዙሪያ እንሰት፣ ቡና፣ ጎደሬና አቮካዶ ተሰባጥረው ይተከላሉ። ዘንባባ ከእነዚህ ጋር መሬት መሻማት የለበትም። ቦታው ለሌላ ሰብል የማይመቸው ነው፦ የግቢ አጥር፣ ውኃ የሚተኛበት ጥግ፣ የመስኖ ቦይ ዳር፣ የቦረቦር አፋፍና የወንዝ ጠርዝ።

በጋራ መሬት ላይ ምን ሊሠራ እንደሚችል ደግሞ የሁምቦ ተሞክሮ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2006 በወርልድ ቪዥን ድጋፍ በተጀመረው ፕሮጀክት 2728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ከከብትና ከመቁረጥ ተከልሎ፣ ጫካው በአብዛኛው ከመሬት ውስጥ ከቀሩት ጉቶዎችና ሥሮች እንዲያቆጠቁጥ ተደርጓል። እ.ኤ.አ. በ2009 በዓለም አቀፉ የንጹሕ ልማት ሥርዓት ተመዝግቦ የአካባቢው ማኅበራት ከካርቦን ሽያጭ ገቢ ለማግኘት በቅተዋል። ዘንባባም ከሥሩ የሚያቆጠቁጥ ስለሆነ፣ ነባር ሥሮች ባሉበት የወንዝ ዳር የመጀመሪያው ሥራ ችግኝ ማፍላት ሳይሆን ቦታውን መከለል ነው። ነባር ሥር በሌለበት ግን መትከል የግድ ይሆናል።

ከዘር ማፍላት

ዘር የሚለቀመው ፍሬው ሙሉ በሙሉ ቀለሙን ለውጦ መርገፍ ሲጀምር ነው። ሥጋው በእጅ ታሽቶ በውኃ ይታጠባል፤ ሥጋ የቀረበት ዘር ይሻግታል፣ ጉንዳንም ይስባል። የታጠበው ዘር በንጹሕ ውኃ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይዘፈዘፋል፤ ውኃው በየቀኑ ይለወጣል። እስከ መጨረሻው ተንሳፍፎ የሚቀረው ባዶ ወይም የተበላ ሊሆን ስለሚችል ይወገዳል።

የፊኒክስ ወገን ዘር ምን ያህል ጽኑ ሊሆን እንደሚችል የሚያሳይ አስደናቂ ምሳሌ አለ። በእስራኤል ማሳዳ በተባለው ጥንታዊ ምሽግ ቁፋሮ የተገኘ፣ 2000 ዓመት ገደማ የሆነው የተምር ዘር እ.ኤ.አ. በ2005 ተተክሎ በቅሏል። ያ ዘር ግን የቆየው እጅግ ደረቅ በሆነ በረሃ ነው። እርጥበት ባለበት አገር የተቀመጠ የዘንባባ ዘር ኃይሉን ቶሎ ያጣል፤ ስለዚህ በተለቀመ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መዝራት ይበጃል።

ዘሩ አሸዋና ብስባሽ በተቀላቀለበት ለም አፈር ውስጥ፣ ከ2 ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ ጥልቀት ይዘራል። ለመብቀል ሙቀት ይፈልጋል፤ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ይስማማዋል። በሁምቦና በአባያ ዳር ይህ ሙቀት በቀላሉ ይገኛል። በሶዶ ከፍታ ግን መደቡን ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ መሸፈንና ፀሐይ በሚያገኝ ቦታ ማድረግ ያስፈልጋል። አፈሩ ሁልጊዜ እርጥብ ይሁን እንጂ ውኃ አይተኛበት። መብቀል ከአንድ እስከ ሦስት ወር ይወስዳል፤ ሁሉም ዘር በአንድ ጊዜ አይወጣም።

የበቀለው ዘር አወጣጥ ለማያውቅ ሰው ግራ ያጋባል። ከዘሩ ጀርባ ካለች ትንሽ ክብ ነጥብ ነጭ ዘንግ ይወጣል። ይህ ዘንግ ሥር ይመስላል፤ ነገር ግን ፅንሱን ይዞ ወደ አፈር ውስጥ ጥቂት ሴንቲ ሜትር የሚወርድ የዘር ቅጠሉ ክፍል ነው። ሥሩም የመጀመሪያው ቅጠልም የሚወጡት ከዚህ ዘንግ ታችኛው ጫፍ ነው። በዚህ የተነሣ ቡቃያው ከዘሩ ራቅ ብሎ ብቅ ይላል፤ ዘሩም ለወራት ከአፈር በታች ምግብ እያቀበለው ይቆያል። “በቅሏል ወይስ አልበቀለም” ብሎ አፈር መጫር ይህን ዘንግ ይሰብራል፤ ቡቃያውም ይሞታል። ዘሩን ከቡቃያው መለየትም አይገባም።

የመጀመሪያዎቹ ቅጠሎች ያልተከፋፈሉ ጠባብ ልሳኖች ስለሆኑ ሣር ይመስላሉ፤ አራሚው ይህን ማወቅ አለበት። ቡቃያው አንድ ወይም ሁለት ቅጠል ሲኖረው ወደ ፕላስቲክ ከረጢት ይዛወራል። ሥሩ ቶሎ ወደ ታች ስለሚወርድ ለቡና ችግኝ ከሚውለው ጠለቅ ያለ፣ ቢቻል 30 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ከረጢት ይመረጣል። ለመጀመሪያዎቹ ወራት በዳስ ጥላ ይቀመጣል፤ ከዚያ ጥላው ቀስ በቀስ ይሳሳለታል። ላባማ ቅጠል ማውጣት ሲጀምር ወይም 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲደርስ ለመትከል ዝግጁ ነው። ይህ አንድ ዓመት ተኩል ወይም ሁለት ዓመት ሊፈጅ ይችላል።

ከጎን ቡቃያ ማባዛት

የጎን ቡቃያ መውሰድ ጊዜ ይቆጥባል፤ የእናቱንም ጾታ ይዞ ስለሚያድግ ፍሬ ለሚፈልግ ሰው አስተማማኝ ነው። ለቅጠል ብቻ የሚተክል ሰው ግን ስለ ጾታው መጨነቅ አያስፈልገውም።

የሚመረጠው የራሱ ሥር ያበጀ፣ ከእናቱ ግንድ ትንሽ ፈቀቅ ያለ ቡቃያ ነው። ዙሪያው በጥንቃቄ ተቆፍሮ ከእናቱ ጋር የተያያዘበት ቦታ ይታያል፤ በተሳለ መሣሪያ በአንድ ምት ይቆረጣል። የዘንባባ ሥር ከተቆረጠ በኋላ የመዳን ዕድሉ በቀረው ርዝመት ላይ ይመሠረታል፦ ሥሩ ረዘም ብሎ ሲቀር ብዙው ይተርፋል፤ አጥሮ ሲቆረጥ ብዙው ይሞታል። ስለዚህ ቡቃያው የሚነሣው ከሰፊ የአፈር ጓል ጋር ነው። ከቅጠሎቹ ግማሽ ያህሉ ይቀነሳል፤ የቀሩት ወደ ላይ ተሰብስበው በልጥ ይታሰራሉ፤ መሐል ያለው የልብ ቅጠል ግን አይነካም። ቡቃያው መጀመሪያ በከረጢት ወይም በጥላ መደብ ተተክሎ አዲስ ቅጠል እስኪያወጣ ቢቆይ የመጽደቅ ዕድሉ ይጨምራል።

መትከል

ጉድጓዱ ወርዱም ጥልቀቱም 60 ሴንቲ ሜትር ሆኖ በየካቲት ይዘጋጃል። የላይኛው አፈር ከደረቀ ፍግ ወይም ከብስባሽ ጋር ተቀላቅሎ ይመለሳል። በወላይታ ጥሩው የመትከያ ጊዜ የበልጉ ዝናብ ከጸና በኋላ ነው፤ ችግኙ በልጉንና ክረምቱን ተከታትሎ አግኝቶ ለበጋ ይደርሳል። በክረምት መግቢያ መትከልም ይቻላል፤ ያኔ ግን በመጀመሪያው በጋ ውኃ ማጠጣት የግድ ነው።

ችግኙ በከረጢቱ ውስጥ በነበረበት ጥልቀት ልክ ይተከላል። ጠልቆ ከተቀበረ የእድገት ጫፉ ይበሰብሳል፤ ከፍ ብሎ ከተተከለ ሥሩ ይደርቃል። አንዱ ከሌላው 4 ሜትር ያህል ይራቅ፤ ለሕያው አጥር ግን እስከ 2 ሜትር ማቀራረብ ይቻላል። በቦረቦር ጠርዝ ሲተከል ከአፋፉ ትንሽ ገባ ብሎ፣ በጎርፉ አቅጣጫ አግድም በሁለት ረድፍ ቢሰባጠር አፈሩን የተሻለ ይይዛል። ፍሬ የሚፈለግ ከሆነ ወንድና ሴት እንዲገኙ ከአምስት የማያንሱ የዘር ችግኞችን አቅራቢያ ለአቅራቢያ መትከል ይሻላል። እሾሁ አደገኛ ስለሆነ ልጆች ከሚጫወቱበትና ሰው ከሚተላለፍበት ቦታ ማራቅ ያስፈልጋል።

እንክብካቤ

በመጀመሪያዎቹ ሁለት በጋዎች በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ውኃ ጠገብ አድርጎ ማጠጣት ችግኙን ያሻግረዋል። ዙሪያው በደረቀ ሣር ወይም በእንሰት ቅጠል ይጎዝጎዝ፤ ጉዝጓዙ ግን ግንዱን አይንካ። ፍየልና ከብት ወጣቱን ቅጠል ስለሚበሉ ቢያንስ ለሦስት ዓመት መከለል አለበት። ምስጥ በሚበዛበት ቆላ ደረቅ ቅጠልና እንጨት ከግንዱ ሥር አይከማች።

የዘንባባን ረኃብ ከቅጠሉ ማንበብ ይቻላል። አሮጌዎቹ የታችኛው ረድፍ ቅጠሎች ብጫ ወይም ብርቱካናማ ነጠብጣብ አውጥተው ከጫፋቸው ከደረቁ ብዙውን ጊዜ የፖታሲየም እጥረት ነው። ችግሩ በአዲሶቹ ቅጠሎች ላይ ከታየ፣ ማለትም ቅጠሉ ተጨማድዶና ተሸብሽቦ ከወጣ፣ የማንጋኒዝ እጥረት ሊሆን ይችላል። ፖታሲየም ያጠረው ዘንባባ ንጥረ ነገሩን ከአሮጌው ቅጠል ወስዶ ለአዲሱ ይሰጣል። በዚህ ምክንያት ብጫ የሆነውን ቅጠል “ግቢ ያበላሻል” ብሎ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ መቁረጥ እጥረቱን ያባብሰዋል። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በበልግና በክረምት መግቢያ፣ ከግንዱ ራቅ ብሎ ፍግና ጥቂት የምድጃ አመድ መጨመር ለጓሮ ዘንባባ ጥሩ ምግብ ነው፤ አመድ ፖታሲየም ይሰጣል።

ከተባይ ዋነኛዎቹ የግንዱን ልብ የሚቦረቡሩ ጥንዚዛዎችና ነቀዝ መሰል ነፍሳት ናቸው። እነዚህ የሚሳቡት በቆሰለ ግንድ ሽታ ነው፤ ስለዚህ ግንድን አለማቁሰል የመጀመሪያው መከላከያ ነው። የሞተ ግንድ ከተገኘ ወዲያው ተቆርጦ ይቃጠል፤ በስብሶ የነፍሳቱ መራቢያ እንዳይሆን።

በሚሠራበት ጊዜ ወፍራም ጓንትና ረጅም እጅጌ ያስፈልጋል። የፊኒክስ እሾህ በመገጣጠሚያ አካባቢ ወግቶ ስባሪው ውስጥ ከቀረ ለሳምንታት የሚቆይ እብጠትና ሕመም ሊያስከትል ይችላል። ጣት ወይም ጉልበት ከተወጋ በኋላ እብጠቱ የማይለቅ ከሆነ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል። በመንገድ ዳር ያሉትን የቅጠል እግሮች እሾህ በመቀስ መመልመል ተክሉን አይጎዳም።

ቅጠል አቆራረጥ

የዘንባባን ዕድሜ የሚወስነው አቆራረጡ ነው። ለሰሌንና ለመጥረጊያ የሚቆረጠው ሙሉ ለሙሉ የተዘረጋው፣ ከአክሊሉ የታችኛው ክፍል ያለው ጎልማሳ ቅጠል ነው። ከአንድ ግንድ በአንድ ጊዜ ከሁለት ወይም ከሦስት ቅጠል በላይ አይወሰድ። ቁርጡ ከግንዱ ጥቂት ራቅ ብሎ በቅጠሉ እግር ላይ ይሁን፤ ቅጠልን በእጅ ጎትቶ መገንጠል ግንዱን ይልጠዋል።

የሚከብደው የሆሳዕና ፍላጎት ነው። ለቀለበትና ለግንባር ማሰሪያ የሚፈለገው ለስላሳው ቅጠል ከእድገት ጫፉ አጠገብ የሚገኘው ነው፤ ጊዜውም ዛፉ የበልጉን ዝናብ ተጠቅሞ አዲስ ቅጠል ለማውጣት ከሚዘጋጅበት ጋር ይገጥማል። ከዋናው ግንድ የልብ ቅጠል በየዓመቱ የሚወሰድ ከሆነ አክሊሉ እየሳሳ ይሄዳል፤ መቁረጫው አልፎ ጫፉን ከነካ ደግሞ ግንዱ ያኔውኑ አለቀ።

መፍትሔው ዛፉ ራሱ በሚያወጣው የጎን ቡቃያ ላይ ነው። ዘንባባ መሸከም ከሚችለው በላይ ቡቃያ ያወጣል። ሁሉም ከተተወ እርስ በርስ ተጣብቀው ይቀጭጫሉ፤ ውስጡ በእሾህና በደረቅ ቅጠል ተሞልቶ ለእሳት ይጋለጣል። ስለዚህ በአንድ ሥር በዕድሜ የተለያዩ ከአራት እስከ ስድስት ግንዶች ይመረጡና ይጠበቁ፤ የቀሩት ቡቃያዎች በየዓመቱ ከሆሳዕና ጥቂት ቀናት አስቀድሞ ከሥራቸው ይቆረጡ። እነዚህ መወገድ የነበረባቸው ቡቃያዎች ለበዓሉ የሚፈለገውን ለስላሳ ቅጠል ይሰጣሉ፤ ዋናዎቹ ግንዶችም አይነኩም። ጥሩ ሥር ያበጁት ለችግኝ ይነሣሉ። ከተጠበቁት ግንዶች አንዱ ሲያረጅና ቅጠሉ ለመድረስ ሲያስቸግር ተቆርጦ ለአጥር ይውላል፤ በምትኩ አንድ ወጣት ቡቃያ እንዲያድግ ይተዋል። በዚህ አያያዝ አንድ ጊዜ የተተከለ ዘንባባ ከሥሩ ራሱን እያደሰ ለሸማኔውም፣ ለበዓሉም፣ ለአፈሩም ያገለግላል፤ በወንዝ ዳር የቀሩት ነባር ዘንባባዎችም ከመቆረጥ ፋታ ያገኛሉ።